ተቆርጦ የቀረው ቤተ መንግሥት



ጥር ሲቃረብ በየቤቱ አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፣ ለአዳራሹ ቀብድ ተከፍሏል፣ የጥሪው ዝርዝር ግን በየቀኑ ይረዝማል። ሠርግ የሌለበት ቤትም ቢሆን ዝርዝር አያጣም። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዋና አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ቋንቋ አለ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት አለ። ቀኑ ግን ያው 24 ሰዓት፣ ደመወዙም ያው ደመወዝ ነው።

በቋንቋችን ቀን “ይቆረጣል” እንላለን። በማርኬቲንግ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ሌላም ነገር ተከትሎ መቆረጡ አይቀርም። በዚህ ወር ዓምዳችን የምናወጋው ስለዚያ ተከትሎ ስለሚቆረጠው ነገር ነው። ምሳሌዬን የማመጣው ምናልባት ካልጠበቃችሁት ቦታ፣ ከቪዲዮ ጌም ነው። ጌም የማትወዱ አትሽሹ፤ ነገሩ ወደ ቤታችሁ ይመለሳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን ያዙልኝ።

ሰማያዊውን ጃርት ሶኒክን ልጆቻችሁ ከፊልሙ ያውቁታል። ወደ ሲኒማ የመጣው በ2020 ሲሆን፣ ከዚያ 29 ዓመት ቀድሞ በ1991 የጃፓኑ ኩባንያ ሴጋ የጌም ጀግና አድርጎ አውጥቶት ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። ጃርቱ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ የወርቅ ቀለበት ይለቅማል፣ ከአንዱ ቦታ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እያንዳንዱ ቦታ “ዞን” ይባላል፤ የራሱ መልክ፣ የራሱ ሙዚቃና የራሱ አደጋ አለው። ጌሙ በጣም ተወደደ። ሴጋም ሳይውል ሳያድር ክፍል ሁለትን አሰበ።

ክፍል ሁለት የተሠራው በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሴጋ ቴክኒካል ኢንስቲትዩት በሚባል የሥራ ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ሶኒክ ፕሮግራም ያደረገው ዩጂ ናካና ዞኖቹን የነደፈው ሂሮካዙ ያሱሃራ ከጃፓን ተሻግረው መጡ፤ ከአሜሪካውያን አርቲስቶች ጋርም አብረው ተቀመጡ። ሐሳቡ ሰፊ ነበር። ብዙ ዞን፣ ሁለት ጭራ ያለው አዲስ ጓደኛ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ውድድርና ሌላም ሌላም ታቀደ። ሙዚቃውን እንዲሠራ የተመረጠው ማሳቶ ናካሙራም በጃፓን ስመ ጥር የሆነ ባንድ አባል ነበር።

እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ሰዎች ይገባሉ። የሴጋ አሜሪካ ማርኬቲንግ ጌሙ በታላቅ ድምቀት እንዲወጣ ፈለገ። በዚያ ዘመን አንድ ጌም በተለያዩ ሱቆች በተለያየ ቀን ብቅ ይል ነበር። እነሱ ግን አንድ ቀን መረጡ፤ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1992። ማክሰኞ በእንግሊዝኛ “ቱዝዴይ” ነው፤ ሁለት ቁጥር ደግሞ “ቱ”። ሁለቱን አጋጭተው ቀኑን “ሶኒክ ቱዝዴይ” አሉት። ማስታወቂያው በየቦታው ተለጠፈ፤ አሜሪካና አውሮፓ በዚያው ቀን እንዲሸጡ ተደረገ፤ ጃፓን ሦስት ቀን ቀደመች። በአሜሪካ ቀኑ የምስጋና በዓል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የገና ገበያ ሊጀምር ሲል የዋለ ነው። እንደ ባለሙያ ካያችሁት ድንቅ ምርጫ ነበር።

ጌሙን ከሚሠሩት ሰዎች ጠረጴዛ ሲታይ ግን ያ ቀን ግድግዳ ነው። ያኔ ጌም በኢንተርኔት አይወርድም። በፕላስቲክ ካሴት ውስጥ ታትሞ፣ ታሽጎ፣ በመርከብና በካሚዮን ተጭኖ ሱቅ ይደርሳል። ስለዚህ ሥራው ማለቅ ያለበት ከሽያጩ ቀን ብዙ ሳምንት ቀድሞ ነው። ሁለተኛው ግድግዳ ካሴቱ ራሱ ነበር። የክፍል ሁለት ካሴት የሚይዘው አንድ ሜጋባይት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከያዘው እጥፍ ቢሆንም፣ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ካሴቱን ለማስፋት የበለጠ ቺፕ ያስፈልጋል፤ ቺፕ ደግሞ ገንዘብ ነው።

“ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት” ይላሉ አበው። የሶኒክ ሠሪዎችም ሁሉ አምሯቸው ነበር፤ ገበያ የሚወጡበት ቀን ግን ተቆርጧል። ስለዚህ ዞን መቁረጥ ጀመሩ።

የእንጨት ዞን ተቆረጠ። የአሸዋ ምድር የሚመስል ዞን ገና በሐሳብ ደረጃ እያለ ቀረ። አንድ የከተማ ዞንም ወደቀ፤ የእሱ ዕጣ ግን ለየት ያለ ነው። የመንገዱ አሠራር ስላለቀ አልጣሉትም፤ ወስደው “ሜትሮፖሊስ” በሚባለው ሌላ ዞን ላይ ቀጠሉት። በጌሙ ውስጥ ሁለት ሁለት ምዕራፍ ባላቸው ዞኖች መካከል ሜትሮፖሊስ ብቻ ሦስት ምዕራፍ ያለው ለዚህ ነው። ተጫዋቹ ግን ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ሦስተኛው ምዕራፍ ላብ እንደሚያስወጣ ብቻ ነው።

ከሁሉም ያሳዘነው “ሂደን ፓላስ” ነው፤ በአማርኛ የተደበቀው ቤተ መንግሥት ልንለው እንችላለን። ሥዕሉን የሠራው ክሬግ ስቲት የሚባል አሜሪካዊ አርቲስት ነበር። ከመሬት በታች ያለ፣ ክሪስታል የሚያብረቀርቅበት፣ ውኃ የሚወርድበት ዋሻ ነው። ለጌጥ ብቻ የታሰበ አልነበረም፤ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ነበረው። ሶኒክ ሰባቱን የከበሩ ድንጋዮች ሲሰበስብ ወደዚያ ገብቶ ወርቃማ የሚያደርገውን ኃይል እንዲያገኝ ነበር የታቀደው። ቦታና ጊዜ ሲያጥር፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ይህም ተቆረጠ። በወጣው ጌም ውስጥ ድንጋዮቹን የሰበሰበ ተጫዋች 50 ቀለበት ይዞ ሲዘል በቀጥታ ወርቃማ ይሆናል። ኃይሉ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አይነግረውም።

ጌሙ በተባለው ቀን ወጣ፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ቅጂም ተሸጠ። 11 ዞኖች አሉት፤ ጎደለ ብሎ ያማረረ ገዢ ብዙም አልነበረም። መቁረጡ ትክክል ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ ዞን በግድ ገብቶ ቢሆን ወይ ቀኑ ያልፋል፣ ወይ ሁሉም በግማሽ ይሠራል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚባለው ይደርስ ነበር።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። የሂደን ፓላስ ፎቶ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት በመጽሔቶች ላይ ታትሞ ነበር። ልጆች ፎቶውን አይተዋልና ካሴቱን ገዝተው ቦታውን ፈለጉት። ፈልገው አጡት። በጌሙ የድምፅ መሞከሪያ ገጽ ላይ ደግሞ በየትኛውም ዞን የማይሰማ አንድ ዜማ ተቀምጦ ነበር። ይህ ሁሉ “የሆነ ቦታ ተደብቋል” የሚለውን ተስፋ አቆየው። በ1990ዎቹ መገባደጃ ያላለቀ የጌሙ ቅጂ በኢንተርኔት ሲሰራጭ ነው ሰዎች የጎደለውን ዞን በዓይናቸው ያዩት።

ከዚህ ለማርኬቲንግ ሰው የሚሆን አንድ ትምህርት አለ። ያሳየኸውን ነገር ደንበኛው እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል። ለወላጅ ደግሞ ይብስበታል። “ለክረምት ሐዋሳ እንሄዳለን” ብላችሁ በጥቅምት ከተናገራችሁ፣ ልጁ በሰኔ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የብዙ ሰው ችግር መቁረጥ አለመቻል ይመስለናል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። መቁረጥ የግድ ሲሆን ሁላችንም እንቆርጣለን፤ የሚያስቸግረን ለባለቤቱ መንገር ነው።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት ለእንቁጣጣሽ አራት ማስታወቂያ እናዘጋጅ ነበር። በጀቱ ሲጠብ አንዱ እንዲቀር ተወሰነ። ውሳኔው ስህተት አልነበረም፤ ሦስቱ በደንብ ተሠሩ። የአራተኛውን ሥዕል ሦስት ሳምንት አምሽታ የሠራችው የሥራ ባልደረባዬ ግን መቅረቱን ያወቀችው ማስታወቂያዎቹ በቴሌቪዥን ሲተላለፉ ነው። ቤተሰቧን ሰብስባ ነበር የጠበቀችው። በማግሥቱ ቢሮ መጥታ የተናገረችው “ቀረ እንኳ አትሉኝም?” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ሐሳብ ስትጠየቅ “እናንተ እንደወሰናችሁ” ማለት አመጣች። ስድስት ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቀቀች። ድርጅቱ ያጣው አንድ ማስታወቂያ መስሎት ነበር።

ይኸው ነገር በየሠርጋችን ይደገማል። አክስት በኅዳር ወር “ዶሮውን እርስዎ ነዎት የሚሠሩልን” ተብለዋል። እርሳቸውም በርበሬያቸውን አስፈጭተው፣ ቅቤያቸውን አንጥረው ይጠብቃሉ። በታኅሣሥ ሙሽሮቹ ምግቡን በሙሉ ለሆቴል ይሰጣሉ። ምክንያታቸው በቂ ነው፤ እንግዳው ብዙ፣ ቤቱ ጠባብ ነው። ግን ለአክስት ማን ይንገር? ሙሽራዋ እናቷን ትጠብቃለች፣ እናት ወንድሟን ይጠብቃሉ፣ ቀኑ ይደርሳል። አክስት አዳራሽ ገብተው ነጭ ሸሚዝ የለበሱ አስተናጋጆችን ሲያዩ ይገባቸዋል። ምንም አይሉም፤ ይመርቃሉ፤ ይበላሉ። በፋሲካ ግን አይመጡም።

እኔ በሥራዬም በቤቴም የምከተላቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ቀን ስትቆርጡ የሚቀረውንም አብራችሁ ቁረጡ። ዝርዝሩን ጻፉና “ገንዘቡ ወይም ጊዜው ቢያጥር መጀመሪያ የሚወጣው የቱ ነው?” ብላችሁ በዕለቱ ምልክት አድርጉ። መጨረሻው ሳምንት ላይ በጭንቀት የሚቆረጥ ነገር ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ዝምተኛ የሆነ ነገር ነው፤ ያለቀሰ ይተርፋል፣ የታገሠ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ለባለቤቱ እናንተ ራሳችሁ ንገሩ፤ ሳይሰማ ቀድማችሁ ንገሩ። “እትዬ፣ ዶሮውን ለሆቴል ልንሰጥ ነው፤ ድካምዎን አውቀናል፤ በርበሬዎ ግን ለመልሱ ቀን ያስፈልገናል” ማለት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ለልጅም ያው ነው። ከዋናና ከሙዚቃ አንዱ መቅረት ካለበት አስቀምጣችሁ ጠይቁት። ምናልባት እናንተ ልታቆዩለት ያሰባችሁትን እሱ ሊተወው ሲፈልግ ከርሞ ይሆናል። ምርጫው የእሱ ባይሆን እንኳ ምክንያቱን ከእናንተ አፍ ይስማው።

ሦስተኛ፣ የተቆረጠውን አትጣሉት። የሶኒክ ሠሪዎች የከተማውን ዞን ሜትሮፖሊስ ላይ እንደቀጠሉት፣ ከቀረው ነገር ውስጥ ያለቀውን ክፍል የምታስገቡበት ቦታ ፈልጉ። ቦታ ከሌለ በክብር አስቀምጡት፤ የማን ሥራ እንደሆነም ስሙን ጻፉበት። የባልደረባዬ ሥዕል ለሚቀጥለው ዓመት ካላንደር ይሆን ነበር፤ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ስለ ቤተ መንግሥቱ አንድ ነገር ይቀረኛል። በክፍል ሁለት ውስጥ “ሚስቲክ ኬቭ” የሚባል የዋሻ ዞን አለ። በዚያ ዋሻ ሁለተኛ ምዕራፍ ተጫዋቾች ሁሉ የሚረግሙት አንድ ጉድጓድ ነበር። ግርጌው እሾህ ነው፤ አንዴ የገባበት አይወጣም። በ2013 ክርስቲያን ዋይትሄድና ሳይመን ቶምሊ የሚባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች ጌሙን ለሞባይል ስልክ አድሰው ሲሠሩ፣ ከሴጋ ጋር ሆነው የተቆረጠውን ሂደን ፓላስ ጨርሰው አስገቡት። መግቢያውን ያደረጉትም ያንን ጉድጓድ ነው። ከ21 ዓመት በኋላ፣ እሾሁ ላይ እሞታለሁ ብሎ የወደቀ ተጫዋች ክሪስታል የሚያበራበት ዋሻ ውስጥ ራሱን ያገኛል።

ያ ሊሆን የቻለው ሥራው ተቆረጠ እንጂ ስላልጠፋ፣ የሚያስታውሱትም ሰዎች ስላልጠፉ ነው። በዚህ ጥር የምትድሩም፣ የምትዳሩም፣ የልጆቻችሁን ፕሮግራም የምታስተካክሉም፣ ዝርዝራችሁን ስታሳጥሩ ስልክ የምትደውሉላቸውን ሰዎች ስም ከጎኑ ጻፉ። ደውላችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ሠርጋችሁን በደስታ ብሉ።