«መዳብን ማግኔት አይነካውም» ማለት ይብቃ!

በተግባር ማስተማር ሰሞን የታዘብነው ነገር አለ። ተማሪው «ማግኔት ብረትን ይስባል፤ መዳብንና አሉሚኒየምን ግን አይነካም» ብሎ ይጽፍና ሙሉ ማርክ ያገኛል። መቼም መዳብ ሮጦ ማግኔት ላይ አይለጠፍም፤ ይህ እውነት ነው። «አይነካም» የሚለው ግን ከየት መጣ?

በመዳብ ውስጥ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ከሙቀት የተነሣ ዕረፍት የላቸውም። ሲራወጡ ጥቃቅን ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ ኤሌክትሪክ ባለበት ደግሞ ማግኔታዊ መስክ አለ። ስለዚህ ከመዳብ ገጽ አጠገብ፣ ባትሪ ሳይሰካበት እንኳ፣ የማያቋርጥ ማግኔታዊ ሁካታ አለ። ኮምፓስ አያየውም፤ የአቶም ኒውክለስ ግን ይሰማዋል። ብዙዎቹ ኒውክለሶች ራሳቸው ትናንሽ ማግኔቶች ናቸውና በመስክ ውስጥ እንደ እንዝርት እየተወዛወዙ ይዞራሉ። በሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ያለው የሃይድሮጂን ኒውክለስ፣ በአገራችን 36,000 ናኖቴስላ ገደማ በሆነው የምድር መስክ፣ በሴኮንድ 1,500 ጊዜ ያህል ይዞራል። (ወደ ድምፅ ቢለወጥ ጆሯችን የሚሰማው ፉጨት ነው!) ከሁካታው ውስጥ በዚሁ ፍጥነት የሚርገበገበው ክፍል ኒውክለሱን ይገለብጠዋል፤ ዘገምተኛው ደግሞ እኩል ይዞሩ የነበሩትን እርምጃ ያሳታቸዋል።

ኃይሉ ደካማ መሆኑን አንክድም። የሚታወቀው ለብረቱ ገጽ እጅግ በቀረበ ኒውክለስ ላይ ነው፤ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። «እናቀዝቅዘው» ቢባልም፣ መዳብ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ሁካታው የታሰበውን ያህል አይበርድም። በራሱ በመዳቡ ውስጥ ያሉትን ኒውክለሶችማ እነዚሁ ኤሌክትሮኖች በጥቂት ሺኛ ሴኮንድ ይረብሿቸዋል። የኔዘርላንዱ ኮሪንጋ ይህን ዓይነቱን ሂሳብ በ1950 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል።

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ ፈተና ላይም አይመጣም» የሚሉን አሉ። አንቀበልም! አዲስ አበባ ማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ በመሆኗ፣ በ1957–58 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት አባ ፒየር ጉዋን የምድርን ማግኔት የሚለካ ጣቢያ አቋቁመውባታል። ለክፍላችንም ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ የወጣች ጠንካራ ማግኔት ዘንበል ባለ ወፍራም የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ ስትለቀቅ እንዴት እየተጎተተች እንደምትወርድ፣ በእንጨት ላይ ደግሞ እንዴት እንደምትፈተለክ ማሳየት ይበቃል። አሉሚኒየም ዝም ብሎ አይደለም!

የኮምፓስ ሙከራም ቢሆን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የብረት ጠረጴዛ ላይ እየተሠራ «ተማሪው ተሳሳተ» መባሉ ይቅር። አሞራ ገደል ቅርባችን ነው። ከዓሣ ገበያው ፈንጠር ብለን፣ ከብረት የራቀ ሜዳ ላይ እንለካና የክፍሉን ንባብ ከዚያኛው እናስተያይ። አባ ኮዳዎቹ አይነኩንም። ዝርጉንና ማግኔቷን እኛ እናመጣለን፤ ከመምህራኑ የምንጠይቀው አንድ ቅዳሜ ጧት ብቻ ነው።