የቀረው ማን ነው?

በመሄድና በመቅረት ጉዳይ አማርኛ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። «ወንድሙ አሜሪካ ሄደ፤ እርሱ ቀረ» ሲባል፣ የቀረው አገር ቤት ያለው ሰው ነው። «ለትምህርት ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ» ሲባል ደግሞ የቀረው ከአገር የወጣው ነው። አንድ ግስ ሁለቱን ሰዎች እኩል ይይዛቸዋል። ሁለቱም ከሆነ ቦታ ጎድለዋል፤ ሁለቱም ሆነ ቦታ ላይ ተገኝተዋል። ማን ታማኝ፣ ማን ከሃዲ እንደሆነ ግሱ አይናገርም። ይህን የሚናገሩት ፈራጆች ናቸው።

ፈራጆቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አገር ቤት ተቀምጦ የሄደውን ይከሳል፦ መከራው ሲበዛ እግሬ አውጪኝ ያለ፣ በድሃ ገንዘብ ተምሮ ለባዕድ ያደረ፣ ከሩቅ ሆኖ የሚያዝን። ሁለተኛው ውጭ አገር ተቀምጦ ሊሄድ ያሰበውን ይገሥጻል፦ «ሁሉም ከወጣ አገሪቱን ማን ይሠራታል? ጽኑ፣ ታገሉ፣ እዚያው ሁኑ።» ይህን ምክር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የሌላ አገር ፓስፖርት መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ነው። እነዚህ ሁለቱ በፖለቲካም ሆነ በታሪክ ላይስማሙ ይችላሉ። በአንድ ነገር ግን አይለያዩም፤ መቅረት የአገር ፍቅር ማስረጃ፣ መሄድ ደግሞ የፍቅር ማነስ ምልክት ነው ብለው ያምናሉ። እምነቱ ሐሰት ነው። ሐሰት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሊጠየቅ የሚገባውን አካል ከጥያቄ ማዳኑ ነው ክፋቱ።

ሐሰትነቱን ለማየት ከሥነ ጽሑፍ ታሪክ አንድ ዘመን ይበቃል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ ድርሰት በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው። ይኸው ደራሲ በፋሺስት ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ለጣሊያን አስተዳደር አደረ፤ «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕረግም ተቀበለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በበኩላቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ሳሉ አረፉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጦርነቱ ተዋግተው ተማረኩ፤ የወጣትነት ዓመታቸውን ጣሊያን አገር በግዞት አሳለፉ፤ ተመልሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጻፉ። አርበኞች ደግሞ ጫካ ገብተው ተዋጉ። እንግዲህ የሚኖሩበትን ቦታ የታማኝነት ሚዛን የሚያደርግ ሰው እነዚህን እንዴት ይመዝናቸው? አገሩ ላይ የነበረው ለወራሪ አድሯል፤ በስደት የሞቱት አላደሩም። በባዕድ እጅ የቆዩት የአማርኛን ታላቅ ልብ ወለድ ይዘው መጡ። ቦታው ስለ ሰውየው ምንም አልተናገረም። የተናገረው ሰውየው በቦታው ላይ የሠራው ሥራ ነው።

የደርግ ዘመን ሲመጣ ሚዛኑ ይበልጥ ይሰበራል። በዓሉ ግርማ አሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ጋዜጠኛና ደራሲ ነበር። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ በሉ፤ እዚህም ግሱ «ቀረ» ነው። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ «ሀገሬ» የተሰኘውን ግጥም የጻፈ ሰው ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ከአገር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ትክክል ወሰነ? ጥያቄው ራሱ አሳፋሪ ነው። አንዱ በመቅረቱ፣ ሌላው በመሄዱ የከፈለው ዋጋ ተመዝኖ ነጥብ የሚሰጥበት አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ደራሲን ከቤቱ የሚያስቀርና ገጣሚን ከአገሩ የሚያስወጣ ሥርዓት ነው። ፈራጆቹ ግን የሥርዓቱን ጥያቄ ለባለ ዕዳው ትተው የተጎጂውን ሻንጣ ይፈትሻሉ።

«ስደት» የሚለው ቃልም ቢሆን ይህን እውነት ይዟል። «ተሰደደ» የሚባለው «ሰደደ» ከሚለው ግስ ነው፤ የተሰደደ ካለ የሰደደ አለ። በአነጋገር ልማድ ግን ሰዳጁ ከዓረፍተ ነገሩ ጠፍቶ ተሰዳጁ ብቻውን ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል። «ለምን ሄድህ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ማን ሰደደህ?» የሚለው አይነሳም። ለውድድር ወጥቶ ያልተመለሰ ሯጭ «ጠፋ» ይባላል፤ ለሥራ ተልኮ ያልተመለሰ ዲፕሎማት «ከዳ» ይባላል። የጠፋውና የከዳው ምን እንዳየ፣ ምን እንደጠበቀውና ምን እንደፈራ ለመስማት ግን የሚቀመጥ ጆሮ ጥቂት ነው።

ሕጉም በሁለት አፍ ይናገራል። በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት፣ እንዲሁም ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መውጣትም መመለስም በአንድ አንቀጽ ሥር ተቀምጠዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የመውጫ ቪዛ ለማግኘት ደጅ ይጠና የነበረበትን የደርግ ዘመን ላስታወሰ ደግሞ የበለጠ ትልቅ ነው። በሌላ በኩል የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ሃያ ዓመት በጊዜያዊ ወረቀት ተንገላቶ፣ እናቱ ስትሞት መቅበር ተስኖት፣ በመጨረሻ ፓስፖርት የተቀበለ ሰው «በፈቃዱ የተወ» ተብሎ ይጻፋል። አገሩ ሲገባ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያወጣል። ይኸው ሰው ግን ገንዘብ ሲፈለግ ወገን ነው፦ በ2010 ዓ.ም. ክረምት በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጣ ተጠየቀ፤ በ2014 ዓ.ም. የገና በዓል 1 ሚሊዮን ሆኖ እንዲገባ ተጠራ። ሲጠራ «ልጃችን»፣ ሲጠይቅ «የውጭ ዜጋ» የሚሆን ሰው የአገር ፍቅሩ ጎድሏል ተብሎ ሊገሠጽ አይገባውም።

«እዚያው ጽኑ» የሚለውን ስብከት ይበልጥ ባዶ የሚያደርገው ሌላ ነገርም አለ። ለብዙ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያው ስደት ከቦሌ አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በግጭት ምክንያት በገዛ አገሩ ውስጥ ተፈናቅሏል፤ በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከተመዘገቡት አዳዲስ የግጭት መፈናቀሎች ከፍተኛው ነበር። ተወልዶ ባደገበት ከተማ «ወደ አገርህ ግባ» የተባለ ሰው አለ። ይህ ሰው ካርታው ላይ ከአገሩ አልወጣም፤ አገሩ ግን ከእርሱ ወጥታለች። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ወይም ኬንያ ሲገባ «አገሩን ጥሎ ሄደ» ማለት፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው «ለምን ውጭ አደርህ?» ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

ፈራጆቹ አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ሐኪም ለማፍራት ድሃ አገር ብዙ ትከፍላለች። ሐኪሙ ሲሄድ የሚጎዳው መንግሥት አይደለም፤ ከገጠር በቃሬዛ የምትመጣው ወላድ ናት። ይህ እውነት ነው፤ የሚሄደው ሐኪምም ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነገር ግን ክርክሩ እስከ መጨረሻ ሲገፋ ወደ ሌላ በር ያደርሳል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንግበው ሥራ ሲያቆሙ፣ ያቆሙት የቀሩት ነበሩ። ጸንተው የነበሩት፣ «እዚያው ታገሉ» የተባለውን ምክር ቃል በቃል የፈጸሙት እነርሱ ናቸው። ከእነርሱም መካከል የታሰሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሐኪም የመውጫ መንገድ ቢፈልግ፣ ወላዷን የበደላት ማን ነው? ዕዳው ካለ የገንዘብ ዕዳ ነው፤ ተምሮበት ከሆነ በወጪ መጋራትም ሆነ በሌላ ውል ይከፈል። ዕዳን በሰው ዕድሜ ማስከፈል ግን ሌላ ስም አለው። ወላዷም የምትድነው በግዴታ ከታሰረ ሐኪም ሳይሆን ልጆቹን መመገብ ከሚችል ሐኪም ነው።

መቅረትን በግዴታ ማዘዝ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ ከለከለ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ሰው ግን አልቀረም። በአውሮፕላን ትሄድ የነበረችው ልጅ በደላላ እጅ ገብታ በኦቦክ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመንን አቋርጣ ሄደች። እገዳው መሄዷን አላስቀረም፤ ሕጋዊ ውሏንና ጠያቂ ዘመዷን አስቀረ እንጂ።

ይህች ልጅ የምሁራኑን ክርክር ግብዝነትም ታጋልጣለች። ሐኪምና መሐንዲስ ሲሄድ «የአእምሮ ፍልሰት» ተብሎ ዐውደ ጥናት ይዘጋጃል፤ አገር እንደጎደለች ይነገራል። ከወሎ ወይም ከጅማ ገጠር ተነስታ ቤሩት ለቤት ሠራተኛነት የምትሄደዋ ግን በአገር ጉድለት መዝገብ ላይ አትሰፍርም። ለእርሷ የተዘጋጀው ስም «ሕገ ወጥ ስደተኛ» ነው። ታናናሾቿን የምታስተምረው፣ ለአባቷ በሬ የምትገዛው፣ የቤቱን ጣሪያ ወደ ቆርቆሮ የምትቀይረው እርሷ ሆና ሳለ፣ «አገር ማን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ከሠሪዎች ተርታ አትቆጠርም። መሄድና መቅረት ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ ሁሉ ዲግሪ ያለውን ሰው ብቻ ይዞ የሚዞረው ለምንድን ነው? ከሚወስኑት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ዲግሪ የላቸውም፤ ሲወስኑም ማንም ምክር አይጠይቃቸውም።

ይህ ሁሉ ሲባል የሄደው ሰው ነጻ ነው ማለት አይደለም። ኃጢአቱ ግን በመሄዱ ውስጥ የለም፤ ከሄደ በኋላ በሚያደርገው ነው። ለሌላው ዋጋ ሳይከፍል ውሳኔ ሲሰጥ ያን ጊዜ ይበድላል። ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ሆኖ «ይለይላቸው» እያለ ወጣቱን ወደ ጦርነት የሚገፋ፣ የራሱን ልጅ ግን ወደ ኮሌጅ የሚያደርስ ሰው «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለውን ተረት በሥራ ያሳያል። እንዲሁም ኑሮውን ደብቆ ፎቶግራፉን የሚልክ ይበድላል። በተከራየው መኪና ፊት ተነስቶ የሚልከው ሥዕል፣ በሁለት ፈረቃ መካከል መኪናው ውስጥ እንደሚተኛ አይናገርም፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ስንት ዓመት እንደተንጠለጠለ አይናገርም፤ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የናይጄሪያ ሐኪሞች ከእርሱ ጋር ታክሲ እንደሚነዱ አይናገርም። አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሙ የሚወስነው በዚያ ሥዕል ነው። ውሸት ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ደግሞ የወሳኙ አይደለም፤ የዋሺው ነው።

የቀረውም የራሱ ግዴታ አለበት። ወጭ ያለው ዘመዱ «እንዴት ናችሁ?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ነው» ብሎ መዝጋት ልማድ ሆኗል። ስልኩ ይጠለፍ ይሆናል ከሚል ስጋትም፣ ሰው እንዳይጨነቅ ከማሰብም የመጣ ነው። ነገር ግን አንዱ ችግሩን፣ ሌላው ድካሙን ሲደብቅ በመሃል የሚነጋገሩት ሁለት ፎቶግራፎች ናቸው። ከዚያ «አገሩን ረሳ» እና «ገንዘብ እንጂ ሰው አይፈልጉም» የሚሉት ወቀሳዎች ይወለዳሉ። ብዙ ቤተሰብ የፈረሰው በርቀት ሳይሆን በዚህ ዝምታ ነው።

ስለዚህ የዲቪ ዕጣ ለወጣላት መምህርት፣ የትምህርት ዕድል ላገኘው ተመራቂ፣ የኮንትራት ቪዛ ለመጣላት ልጅ «ሂጂ» ወይም «አትሂድ» የሚል ሁሉ አንድ ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ ነገሩ ቢበላሽ ከኪሱና ከዕድሜው ምን ያወጣል? ምንም የማያወጣ ከሆነ የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ያወቀውን በትክክል መናገር። የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ሥራ ምን ያህል እንደሚያደክም፣ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያዘገይ፣ ልጅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያድግ። አገር ቤት ያለውም እንዲሁ፤ ጤፍ ስንት እንደገባ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ማን እንደታሰረ። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ይወስን።

መንግሥት ነኝ የሚል ሁሉ ደግሞ ስለ አገር ፍቅር ለዜጋው ከመስበኩ በፊት አንቀጽ 32ን በሁለቱም በኩል ያክብር። መውጫው ያለ ደላላ የሚያስወጣ፣ መግቢያው ያለ ውርደት የሚያስገባ ሲሆን፣ መሄድ ከአገር ጋር መፋታት መሆኑ ያበቃል፤ መቅረትም እስር መሆኑ ያበቃል። እስከዚያው የሄደውን «ከዳ»፣ የቀረውን «ሞኝ» ብሎ የሚጠራ ሰው አማርኛውን ያስተካክል። ሁለቱም ቀርተዋል።