ምርጫ በሐበሻ ቀጠሮ

የሐበሻ ቀጠሮ እያልን ስንቀልድ ስንት ዓመታችን? ለሻይ የተቀጠረ ሰው አንድ ሰዓት ቢያረፍድ ይቅርታ ጠይቆ ሂሳቡን ይዘጋል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የምርጫ ቀን ሲያረፍድስ ማን ይከፍላል?

እስኪ የልደታን መራጭ እንውሰድ። ሚያዝያ 2005 ወጥቶ የከተማና የወረዳ ምክር ቤት አባላትን መረጠ። ውክልናው የ5 ዓመት ነበር። 2010 ሲደርስ ተራዘመ፤ ደግሞም ተራዘመ። ለከተማው ምክር ቤት እንደገና ድምፅ የሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። 5 የተባለው 8 ሆነ ማለት ነው። ለወረዳው ደግሞ ያን ቀንም ምርጫ አልነበረም።

«ኮሮናስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተቆርጦ የነበረውን አገር አቀፍ ምርጫ ያስቀረው ወረርሽኙ ነው። በ2010 ግን ኮሮና የሚባል ነገር አልነበረም። ደግሞ ችግሩ መራዘሙ ብቻ ሳይሆን አረዛዘሙም ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ሲወስን የቆረጠው ቀን የለም፤ ወረርሽኙ ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው ያለው። የትግራይ ክልል ጳጉሜ 4 የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ምርጫውን አስቀድሞ ውድቅ አድርጎት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ተነሳ። ጦርነቱን ያመጣው የምርጫ ቀን ብቻ ነው አልልም። ግን ሁለቱ ወገኖች «ሥልጣንህ አልቋል» የሚባባሉበት ሰበብ ከዚሁ ጉዳይ ተገኘ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 ምርጫው የምክር ቤቱ ዘመን ከማብቃቱ 1 ወር በፊት ይጠናቀቅ ይላል እንጂ ቀን አይቆርጥም። አሜሪካኖች የፕሬዚዳንት ምርጫ ቀናቸውን በሕግ የወሰኑት በ1845 እ.ኤ.አ. ነው። በ1864 በእርስ በርስ ጦርነት መሃል፣ በ2020 በኮሮና መሃል ቀናቸውን ጠብቀው መርጠዋል።

የእኛም ቀን ከክረምት ውጪ በሕግ ይቆረጥ። ማራዘም ግድ ከሆነ አዲሱ ቀን በዚያው ውሳኔ ላይ ይጻፍ። በተጨመረው ጊዜ መንግሥት የዕለት ሥራውን ይሥራ፣ አዲስ አዋጅ ግን አያውጣ። ምክር ቤት ሲበተን አንቀጽ 60 የሚያዘው ይህንኑ ነው።

መራጩማ ቀጠሮ ያከብራል። ሰኔ 14 የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የተራዘመው ሰልፉ አላልቅ ብሎ ነው። አሁን ማክበር ያለበት ቀጠሮ ሰጪው ነው።