የኮረም ገላ ለምን አላሳፈረንም?

እፍረታችን ቦታውን ስቷል። ናይሮቢ ውስጥ ከወገኖቼ ጋር ቡና ላይ ሆነን የፎቶ አንሺውን የሮቲሚ ፋኒ-ካዮዴን «ሶንፖኖይ» ከስልኬ ላይ ሳሳይ፣ አንዲት እናት «ኧረ በስመ አብ! ዝጋው ልጄ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሌሎቹም ከንፈራቸውን መጠጡ። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራ ነው። ራቁት ወንድ፣ ራሱ የማይታይ፣ ገላው በነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ጭኑ መሐል ሻማ የሚነድ። ሶንፖኖይ የዮሩባዎች የፈንጣጣ አምላክ ነው፤ ቆዳ የሚያበላሸው በሽታ እዚህ የክብር ልብስ ሆኗል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ዓይን የሚሸሽበት ቀለም አያገኝም። ብርሃን አለ፣ ጥላ አለ፣ በሕልም እንጂ በእውን የማናየው ሰው አለ። ነውሩ የቱ ጋ ነው?

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የናይሮቢው ልጅ፣ ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገብቶ ረሃባችንን ቀረጸ። አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሬሳ፣ እንባዋ የደረቀ እናት በዓለም ሳሎን ሁሉ ገቡ። ያኔ ማን «ዝጋው» አለ? አሚንን አልወቅስም። ያ ፊልም እህል አስጭኖልናል፤ እሱም ስለ እኛ ብዙ ከፍሏል። በግንቦት 1983 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ በኅዳር 1989 ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ አውሮፕላናችን ውስጥ ሞተ። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያንኑ የሰለለ ክንድ ለገንዘብ መሰብሰቢያ የሚለጥፉት፣ እኛም አይተን ዝም የምንለው!

ያቺን የኮረም እናት ማን አስፈቀዳት? ፋኒ-ካዮዴ ግን ብዙ ጊዜ ያነሳው የራሱንና የወዳጆቹን ገላ ነው፤ አውቀው፣ ፈቅደው ካሜራ ፊት የቆሙ ሰዎችን። በልጅነቱ ከናይጄሪያ ተሰዶ እንግሊዝ ያደገ፣ በ34 ዓመቱ የተቀጨ ሰው ነበር። የእኛዋ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህም በደማቅ ቀለም ብትሠራም በዚሁ መንገድ ነው የሄደችው። የሞዴሎቿን ፊት ነጭና ሰማያዊ ቀብታ፣ የማንም ምጽዋት የማይጠብቅ ገላ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችውም እሷ ናት።

ስለዚህ ናይሮቢ ያላችሁ ወጣት ፎቶ አንሺዎች፣ አንሱ! ጀርባን፣ እጅን፣ ማርገዟን የምትወድ ሴት ሆድን፣ በፈቃዳቸው አንሱ። በሚቀጥለው የርዳታ እራት ላይ የኮረምን ሕፃን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ካለም መጀመሪያ የልጁን ስም ይጻፍበት። ስሙን ካላወቀ ያውርደው።