«አጃቢ» የምንለው ማንን ነው?

በካሴቱ ዘመን የዘፋኙ ስምና ፎቶግራፍ ሽፋኑን ሁሉ ይይዝ ነበር። ቤዝ የተጫወተው ሰው ስም ከተጻፈም በደቃቅ ፊደል፣ «አጃቢ» ከሚለው ቃል ሥር ነው። ካሴቱ ቢቀርም ልማዱ አልቀረም። ቃሉን ስለለመድነው ስድብ መሆኑ አይታወቀንም። እኔ ግን ስድብ ነው እላለሁ፤ ምስክሬም የቻርልስ ሚንገስ «ሚንገስ ስሪ» የተባለው የጃዝ አልበም ነው።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1957 ኒውዮርክ ውስጥ ተቀረጸ። ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው፦ ሃምፕተን ሆውስ በፒያኖ፣ ዳኒ ሪችመንድ በድራም፣ መሪው ሚንገስ በቤዝ። ድምፃዊም ሳክስፎንም የለበትም።

«ታዲያ ዜማውን የያዘው ፒያኖው አይደለም እንዴ? የሚንገስ ስም ሽፋኑ ላይ የወጣው ለወጉ ነው» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ ይህን የሚል ሰው አልበሙን አድምጦታል? ሆውስ ብሉዝ ከጣቱ የሚፈስለት ፒያኒስት መሆኑን ማንም አይክድም። ሚንገስ ግን ከሥሩ አቀርቅሮ ምት ሲቆጥር አይውልም። ይመልስለታል፣ ይከራከረዋል፣ አንዳንዴም አቅጣጫውን ያስለውጠዋል። «ዲዚ ሙድስ» የተባለው ቁራጭም የሚንገስ ድርሰት ነው።

ሪችመንድን ተመልከቱ። ቀድሞ ሳክስፎን ይነፋ የነበረ፣ ድራም ከያዘ ገና ብዙ ያልቆየ ወጣት ነበር። ሚንገስ አመነበት፤ እስከ ሞተበት እስከ 1979 ድረስም አብዛኛውን ዘመን አብረው ሠሩ። ሰው መርጦ ማብቃት የመሪ ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ሊሆን ነው?

ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ሚንገስ በልጅነቱ የቼሎ ተማሪ ነበር። የአሜሪካ የክላሲክ ኦርኬስትራዎች ለጥቁር ሙዚቀኛ በራቸውን በዘጉበት በዚያ ዘመን፣ ቼሎውን ትቶ ቤዝ እንዲይዝ ተመከረ። ከሙዚቃው በታች ሆኖ የሚሰማውን መሣሪያ ያነሣው እንግዲህ የላይኛው በር ስለተዘጋበት ነው። ያንኑ መሣሪያ ይዞ ግን ባንድ መራ፣ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1952ም ከድራመሩ ከማክስ ሮች ጋር ደቡት የተባለውን የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ።

እንዲህ ያለውን ሰው «አጃቢ» ብሎ የሚጠራ ጆሮ ካለ፣ ጉድለቱ ከጆሮው ነው። እናንተ አሳታሚዎች፣ የቤዝ ተጫዋቹን ስም በሚነበብ ፊደል ጻፉልን። አንተም አድማጭ፣ «ዘፋኙ ማነው?» ብለህ እንደምትጠይቅ ሁሉ «ቤዙን የተጫወተው ማነው?» ብለህ ጠይቅ።