የኮምፒዩተር ደኅንነት ሊቅ ለነጋዴው ምን ይጠቅመዋል?

ጌጫ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በሸካ ደን የተከበበች የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ገበያዎች ቡና፣ ማርና ኮረሪማ በጭነት መኪና ሲወጣ፣ ነጋዴው ንብረቱን የሚጠብቅበትን ዘዴ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቀዋል። ጆንያውን ይሰፋል፤ ይመዝናል፤ ይቈጥራል፤ መጋዘኑን ይቈልፋል፤ ዘበኛም ያቆማል። የዚያው ዕቃ ዋጋ ግን ዛሬ የሚጓዘው በሌላ መንገድ ነው። ገንዘቡ በስልክና በኮምፒዩተር መስመር ከባንክ ወደ ባንክ የሚተላለፍ መልእክት ሆኗል። ለጆንያው ዘበኛ የቀጠረ ነጋዴ የመልእክቱ ጠባቂ ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ለመመለስ ይቸግረዋል።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በቴፒ ግቢው የኮምፒዩተርን ትምህርት ያስተምራል። ከዚያ ከሚመረቁት ወጣቶች መካከል በኮምፒዩተርና በመረጃ ደኅንነት ትምህርቱን እስከ ዶክትሬት ለመግፋት የሚመኝ ሲገኝ፣ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያስባል። አሳቡን ለነጋዴ ዘመዱ ሲያማክር የሚሰማው መልስ ግን ብዙ ጊዜ «ለገበያ የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር የሚጠግን ባለሙያ ነው እንጂ ዶክተር አይደለም» የሚል ነው።

ይህ አነጋገር ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ኮምፒዩተር ለመጠገን፣ የይለፍ ቃል ለማስተካከልና የሱቅን መዝገብ ለማደራጀት የሠለጠነ ባለሙያ ይበቃል። የዶክትሬት ትምህርት አራት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚወስድ፣ ገቢ የማይገኝበት፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፈጥኖ ሥራ ለመያዝ የሚፈልግ ወጣት አጭሩን ሥልጠና ቢመርጥ የሚነቀፍ አይሆንም። ሆኖም የባለሙያውና የሊቁ ሥራ የተለያየ ነው። ባለሙያው ቍልፉን ይገጥማል፤ ሊቁ ግን ቍልፉ በእርግጥ ይቈልፍ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይመረምራል።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ፍሬድ ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ራሱን እያባዛ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚተላለፍ ፕሮግራም ሠርቶ በሙከራ አሳየ። «የኮምፒዩተር ቫይረስ» የተባለው ነገር የዩኒቨርሲቲ ጥናት ርእስ የሆነው በዚህ ሥራ ነው። ለዶክትሬቱ ባደረገው ምርምርም ማናቸውንም ቫይረስ ሁልጊዜ ያለ ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ መከላከያ ሊሠራ እንደማይችል በሒሳብ አስረዳ። ይህን የተረዳ ነጋዴ የቫይረስ መከላከያ ገዝቶ ስለ ጫነ ብቻ ተማምኖ አይተኛም፤ የሒሳቡን መዝገብ ግልባጭ በሌላ ስፍራ ያኖራል። ይህን ያልተረዳው ግን «ሁሉን ይከላከላል» የሚለውን የሻጭ ቃል አምኖ ይቀራል።

የጉዳቱን መጠን ለመገመት ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይበቃል። በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ሌቦች በባንግላዴሽ ብሔራዊ ባንክ ኮምፒዩተር ገብተው፣ ባንኩ ራሱ ያዘዘ በማስመሰል ኒው ዮርክ ካለው ሒሳቡ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለማውጣት ሞከሩ። ከዚህ ውስጥ 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ሊያሸሹ ቻሉ። ወደ ስሪ ላንካ የታዘዘው 20 ሚሊዮን ግን በማዘዣው ላይ አንዲት ቃል ተሳስታ በመጻፏ ተጠርጥሮ ታገደ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ደግሞ ከዩክሬን የተነሣ አጥፊ ፕሮግራም የማርስክን የመርከብ ኩባንያ ኮምፒዩተሮች ሰባበረ፤ ኩባንያው ኪሳራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገመተው። በመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ምክንያት በተፈጠረ ጉድለት፣ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። አብዛኛው በኋላ ቢመለስም የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ ተገልጿል። ይህ የመጨረሻው የሌባ ጥቃት አልነበረም። ስለዚህም ደኅንነት ማለት ሌባን ከበር መመለስ ብቻ ሳይሆን የራስን ሥርዓት ጠንቅቆ መመርመርም መሆኑን ያስተምራል።

አስመጪና ላኪ የሚፈራው አደጋ ከዚህም ይቀርባል። ሌባው ከሻጩ ወይም ከገዢው የኢሜይል ሣጥን ሰርጎ ይገባና ምንም ሳይነካ ለሳምንታት ያነባል። የውሉን ቁጥር፣ የቡናውን ደረጃ፣ የመርከቡን ቀን ያውቃል። ክፍያው ሲደርስ በአንዲት ፊደል ብቻ ከእውነተኛው በሚለይ አድራሻ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» ብሎ ይጽፋል። ገዢው ይከፍላል፤ ሻጩ አይቀበልም፤ የብዙ ዓመት ወዳጆች ይካሰሳሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት በውጭ አገር ካለ፣ ከዚያው መግዛት አይሻልም ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መግዛት የሚቻለው ግን በሌላ አገር ኑሮ ልክ የተሰፋ ዕውቀት ነው። በሌላ አገር የተሠራው አብዛኛው የጥበቃ ዘዴ አንድ ሰው አንድ ስልክ እንዳለው፣ ማንበብም እንደሚችል፣ የምስጢር ቁጥሩንም ለማንም እንደማይሰጥ አስቦ የተሠራ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስልክ ገንዘብ እስከ ገጠር ገበያ ዘልቋል። ማንበብ የማይችል ገበሬ ግን የቡናውን ዋጋ ለመቀበል ስልኩን ለወኪሉ ወይም ለጎረቤቱ ልጅ ይሰጣል፤ የምስጢር ቁጥሩንም በቃል ይነግረዋል። ይህን የሚያደርገው ስለ ሰነፈ ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላልተዘጋጀለት ነው። ሳያነብ፣ ሰው ሳያምን፣ ገንዘቡን በራሱ እጅ የሚያረጋግጥበት ዘዴ ምን ይሁን? ይህ ከጌጫ ገበያ የተነሣ፣ ለዶክትሬት ምርምር የሚበቃ እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ደንን ለመጠበቅ የታሰበ ደንብ፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ የት እንደ ሆነ እንዲገለጽ ይጠይቃል። የሚፈጸምበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ የማሳዎች መረጃ የመሰብሰቡ ሥራ ግን አይቀሬ ነው። የገበሬው ስምና የመሬቱ ወሰን በማን ኮምፒዩተር ይቀመጣል? ማንስ ሊለውጠው ይችላል? መዝገቡ ቢበላሽ ቡናው ገዢ ያጣል። ይህን የሚመረምር ሰው ኮምፒዩተሩንም የቡናውንም ንግድ ማወቅ ይገባዋል።

ተመራማሪው ጥያቄውን ቢያገኝም አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም ማስረጃ ነው። የተጭበረበረ ነጋዴ ነገሩን ይደብቃል። ምክንያቱም ይታወቃል። የነጋዴ ዋናው ሀብት መታመን ስለ ሆነ፣ ተታለለ ከተባለ ዱቤ የሚሰጠው እንዳያጣ ይሠጋል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ዝምታው የሚጠቅመው ሌባውን ነው፤ በአንዱ ሱቅ ያዋጣውን ተንኰል በማግሥቱ በሁለተኛው ይደግመዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ያልተነገረ ጉዳት ሊጠና አይችልም። ተማሪውም ማስረጃ ሲያጣ የሌላ አገር ቁጥር ተውሶ ጽፎ ይመረቃል፤ መጽሐፉም ለገበያው ሳይጠቅም በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶች ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ አለ። አንደኛ፣ አባሎቻቸው የደረሰባቸውን ማጭበርበር የሰውና የድርጅት ስም ሳይጠቀስ የሚያስመዘግቡበት መዝገብ ይክፈቱ። መዝገቡም የግል መረጃ ጥበቃን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ይጠበቅ፤ ለታመነ ተመራማሪም በውል ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ጥቂት ነጋዴዎች ተባብረው ከአካባቢው ለሚነሣ አንድ ተማሪ የመስክ ሥራውን ወጪ ይሸፍኑ። በምላሹም ተማሪው የደረሰበትን ውጤት በነጋዴዎች ጉባኤ ፊት በአማርኛ እንዲያስረዳና በቴፒ ላሉት ተማሪዎች እንዲያስተምር ይዋዋሉ። ሦስተኛ፣ ጥናቱ እስኪደርስ ድረስ የባንክ ሒሳብ ተለውጧል የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጡ ላለመክፈል ይስማሙ።

የተማረው ወጣት ወደ ውጭ ሄዶ ይቀራል የሚለው ስጋት አለ። ሰውን በውል ብቻ ማስቀረት እንደማይቻል እሙን ነው። ሆኖም የምርምሩ ጥያቄ ከዚህ የተነሣ፣ ማስረጃውም እዚህ የሚገኝ፣ ውጤቱንም የሚጠብቁ ሰዎች ያሉት ሊቅ ለመመለስ ምክንያት አለው። ማንም ያልጠየቀውን፣ ማንም የማያነበውን ጽፎ የተመረቀ ግን ምክንያት የለውም።

የጌጫ ነጋዴ ጆንያውን ሲሰፋ ለመርፌና ለሲባጎ የሚያወጣውን ወጪ ኪሳራ ብሎ አይቈጥረውም፤ ያለዚያ ቡናው መንገድ ላይ ፈስሶ እንደሚቀር ያውቃልና። ለገንዘቡ መልእክት የሚያስፈልገው ስፌት ዕውቀት ነው። የስፌቱንም ዋጋ ጆንያው ከመቀደዱ በፊት መክፈል ይቀላል።