አዲሱ ኮንሶል፦ አሁን ይገዛ ወይስ ይቆይ?

አሁን ይገዛ

«ትንሽ ቆይ፣ ይረክሳል» የሚለው ምክር ለብዙ ዓመት ልክ ነበር። ፕሌይስቴሽን 3 እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ገበያ ሲገባ ትልቁ 600 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። ሦስት ዓመት የታገሠ ሰው ቀጠን ብሎ የመጣውን በ300 ዶላር ወሰደ። እኔም ያን ጊዜ ብጠየቅ ቆይ እል ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ፕሌይስቴሽን 5 በኖቬምበር 2020 ሲወጣ ዲስክ የሚያነበው 500 ዶላር ነበር። አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በኦገስት 2025፣ ሶኒ የአሜሪካውን ዋጋ ወደ 550 ከፍ አደረገው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም በ500 ተጀምሮ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተጨምሮበት 650 ደረሰ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የኒንቴንዶው ነው። በ2017 በ300 ዶላር የወጣው የመጀመሪያው ስዊች ስምንት ዓመት አርጅቶ፣ ተተኪው ሱቅ ከገባ በኋላ፣ 340 ተባለ። ድሮ ቺፑ በየጥቂት ዓመቱ እያነሰ ሲሄድ የማምረቻው ወጪም አብሮ ይወርድ ነበር፤ አሁን ማሳነሱ ራሱ ውድ ሆኗል፣ የአሜሪካ ቀረጥም ታክሎበታል። እንግዲህ ቆይ የሚለኝ ሰው የትኛውን ቅናሽ እንድጠብቅ ነው?

ደመወዙን በብር ለሚቀበል ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በዚያ ክረምት «እስቲ እስከ መስከረም ልየው» ያለ ሰው ምን እንዳገኘው መንገር አያስፈልገኝም።

«አዲስ ማሽን ጌም የለውም» የሚባለውም ያረጀ ስጋት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 የ4ን ጌሞች ከጥቂቶቹ በቀር ያጫውታል፤ በጁን 2025 በ450 ዶላር የወጣው ስዊች 2ም የቀዳሚውን አብዛኛውን ጌም ይቀበላል። ሰው ቤቱ ካለው የጌም ክምችት ጋር ነው የሚሸጋገረው። በአራት ቀን 3.5 ሚሊዮን ስዊች 2 የተሸጠው ሁሉም ገዢ ስላበደ አይመስለኝም።

ከዋጋውም በላይ የሚያሳስበኝ ዕድሜ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ያለው አባት ሦስት ዓመት ቢጠብቅ የሚገዛው ለ13 ዓመት ጎረምሳ ነው። ያኔ ልጁ ከአባቱ ጎን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማሪዮ ካርት መጫወት ይፈልግ እንደሆነ እንጃ!

ይቆይ

የብሩ ነገር እውነት ነው፣ ወንድሜ። በዚያ ስሌት ከሄድን ግን ሲሚንቶውንም ቆርቆሮውንም ዛሬውኑ ገዝተን መቆለል አለብን። ብር ስለረከሰ የማያስፈልገኝ ዕቃ ድንገት አስፈላጊ አይሆንም።

አንተ የምታወራው ስለ ሣጥኑ ዋጋ ነው፤ እኔ የማየው ሣጥኑ ምን እንደሚያጫውት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደስ ያለህ ሰፈር ሂድና ፕሌይስቴሽን ቤት ግባ። መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፍኗል፣ አግዳሚው ላይ ተረኞች ተጠጋግተው ይጯጯኻሉ፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ጆይስቲኩን አንሥተህ እየው። የግራው መሪ ጎማ ተልጦ ፕላስቲኩ ብቻ ቀርቷል፤ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ከሞተ ጆይስቲክ ጎማ አውልቆ ይተክልበትና ጨዋታው ይቀጥላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ኳስ ነው። ያ የኳስ ጌም፣ ኤፍሲ 26፣ በሴፕቴምበር 2025 ሲወጣ ለፕሌይስቴሽን 4ም ተሠርቶ ነው የወጣው፤ ማለትም በ2013 ለተወለደ ማሽን። የዚያ ቤት ባለቤት ፕሌይስቴሽን 5 በወጣ በወሩ ተበድሮ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያተርፍ ነበር? ደንበኛው ለሣሩ ጥራት ብሎ በጨዋታ ተጨማሪ ብር ይከፍላል ብዬ አላምንም።

ኳስ ለማይወድም ሰው ቢሆን ያው ነው። የፕሌይስቴሽን 5 የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ታላላቅ ስሞች ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት፣ ግራን ቱሪዝሞ 7 እና ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ነበሩ። ሦስቱም በ2022 ወጡ፤ ሦስቱም በ4 ላይም ይሠራሉ። አሮጌው ጌም በአዲሱ ማሽን ይሠራል ብለህ አጽናናኸን፤ አዲሱም ጌም በአሮጌው ሲሠራ ታዲያ 500 ዶላሩ ለምን ወጣ?

አሁን ወደ ብልሽቱ ልምጣ። ኤክስቦክስ 360 በ2005 መጨረሻ ሲወጣ እንደ አንተ የሮጡ ሰዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ላይ ያለው ክብ መብራት ሦስት አራተኛው ቀይ እየሆነ ማሽኑ ይሞት ጀመር። ማይክሮሶፍት በጁላይ 2007 ለዚህ ብልሽት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መደበ። ጥሩ ካሳ ነው፣ ለዳላስና ለሲያትል ነዋሪ። በዘመድ ሻንጣ ቦሌ የገባ ማሽን ግን ዋስትናው ከተገዛበት አገር አብሮት አልመጣም። እዚህ የሚጠግነው ባለሙያም ቢሆን በአዲስ ሞዴል ላይ እጁን የሚያፍታታው ብዙ የተበላሸ ከመጣለት በኋላ ነው፤ መለዋወጫውንም የሚያገኘው ያኔ ነው።

የማይበላሸውም ይሻሻላል። የመጀመሪያው ስዊች ባትሪ እንደ ጌሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይቆይ ነበር። በ2019 ኒንቴንዶ በዚያው 300 ዶላር፣ ሳያስጮኽ፣ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ የሚቆይ አወጣ። መብራት ለሚሄድበት ቤት ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በ2011ም «ሦስት ዲኤስ» የተባለውን የኒንቴንዶ የእጅ ማሽን በ250 ዶላር የገዛ አሜሪካዊ አምስት ወር ሳይሞላ በ170 ሲሸጥ አየው።

የተጫዋቹን ቤት ኢንተርኔትም አትርሳ። ኢትዮጵያ የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት በሆነው በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ እዚህ ያለ ሰው መለያውን የውጭ ነዋሪ መስሎ ከፍቶ ከዘመድ የስጦታ ካርድ ቁጥር ሲያስልክ ይኖራል። ስዊች 2 ደግሞ ይባስ ብሎ አንዳንድ ጌሙን በካርዱ ውስጥ አይሰጥህም፤ ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጌሙን ከኢንተርኔት ራስህ ታወርዳለህ። የአሮጌውን ስዊች ጌም ለማጫወት እንኳ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ማሻሻያ እንዲወርድለት ይጠይቅ ነበር። የሞባይል ጥቅል እየቆጠረ ለሚያወርድ ሰው የማሽኑ ዋጋ በሱቁ ወረቀት ላይ ከተጻፈው በላይ ነው።

አሁን ይገዛ፣ መልስ

እህቴ፣ ሦስት ዲኤስን ካነሣሽ ታሪኩን ጨርሺው። ኒንቴንዶ ዋጋውን ሲቀንስ ቀድመው ለገዙት 20 ጌም በነፃ ሰጥቷቸዋል። የኤክስቦክሱም ነገር የሃያ ዓመት ወሬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ማሽኖች እንዲህ ያለ እልቂት አልደረሰባቸውም።

የፕሌይስቴሽን ቤቱን ሙግት እቀበላለሁ። ለንግድ ከሆነ ይቆይ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ገና ይሠራል። እኔ የምለው ግን ለቤቱ ስለሚገዛ ሰው ነው። ስዊች 2 በወጣ በስድስተኛው ሳምንት ዶንኪ ኮንግ ባናንዛ መጣ፤ በአሮጌው ስዊች አይሠራም። ማሪዮ ካርት ወርልድም እንዲሁ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እነዚህን የሚፈልግ ልጅ «2028 ድረስ ጠብቅ፣ ባትሪው ይሻሻላል» ቢባል መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ብዙ ቅናሽ እንደማይመጣ ደግሞ ሁለታችንም አይተናል።

ይቆይ፣ መልስ

ማሪዮ ካርት ወርልድ ለብቻው 80 ዶላር መሆኑን ሳትናገር አለፍክ። ሁለት ጌምና ትርፍ ጆይስቲክ ሲጨመርበት 450 የነበረው ወደ 700 ይጠጋል። በወጣ በወሩ የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ በሙሉ ዋጋ ነው የሚከፍለው፤ የማሽኑ ዋጋ ባይቀንስም የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ ጌም በዓመቱ ሲቀንስ፣ ያገለገለ ዲስክም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይተናል። የኒንቴንዶ ጌም ብዙም አይረክስም፣ እሱን እሰጥሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ተስማምተናል፤ አንተም ሁለት ጌም በስም ጠርተህ ነው የተከራከርከው። እንግዲህ ሊገዛ ያሰበ አንባቢ ለአሜሪካው ዘመዱ ከመደወሉ በፊት ወረቀት ያውጣና ቤቱ ባለው ማሽን የማይሠሩ፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያሉ፣ በእርግጥ የሚጫወታቸውን ሦስት ጌሞች ይጻፍ። «ይመጣል» የተባለውን አይቁጠር። ሦስት ከሞላለት ይግዛ፣ እኔም አልከራከረውም። ካልሞላለት ዶላሩን ይያዝና በሚመጣው ዓመት ዝርዝሩን እንደገና ይየው።